ያውቁ ኖሯል? የጎርፍ ካርታ፣ ከአቀስታ ደጋ እስከ አባይ ሸለቆ

በአንድ ጥማድ ማሳ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 50 ሺህ ሊትር ውሃ እንደሚወርድበት ያውቁ ኖሯል? ስሌቱ ቀላል ነው። በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ የጣለ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው፤ ጥማድ ደግሞ በተለምዶ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ውሃው በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ 2,500 ጀሪካን ይሞላል፤ ቢመዘን 50 ቶን ይሆናል። ይህ እንግዲህ የአንዲት ማሳ ብቻ ነው። ከደቡብ ወሎዋ አቀስታ በላይ ካለ ተረተር ላይ 100 ጥማድ የሚያህል መሬት ውሃውን ወደ አንድ ቦይ ቢለቅ፣ አፈሩ ግማሹን ጠጥቶት እንኳ ከሥር ላለው መንደር 125 ሺህ ጀሪካን ውሃ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይደርሰዋል።

«እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ» እንላለን። አባባሉ ቀስ እያለ ለሚሞላ የሜዳ ወንዝ ይስማማል። የደቡብ ወሎዎቹ የለጋምቦና የቦረና ወረዳዎች ደራሽ ግን ፋታ አይሰጥም፤ ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ከብት ከመስክ ለመመለስ የሚበቃ ጊዜ እንኳ ላይገኝ ይችላል።

ጂአይኤስ የሚባለውን የመልክዓ ምድር መረጃ ሥርዓት በጋቢ ማስረዳት እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? ጋቢ አራት ድርብ ሆኖ አንድ ልብስ ነው። ጂአይኤስም የመሬቱን ከፍታ፣ የተዳፋቱን መጠን፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የወንዞቹን መስመር፣ የዝናቡን ልክና የቤቶቹን ቦታ በየንብርብሩ ያስቀምጥና አንዱን በሌላው ላይ ደርቦ ያያል። «ተዳፋት የበዛበት፣ አፈሩ ውሃ የማይጠጣ፣ ከቦይ በ50 ሜትር ውስጥ ያለና ሰው የሚኖርበት ቦታ የቱ ነው?» ብለው ሲጠይቁት አራቱም መስፈርቶች የሚገናኙበትን ነጥሎ ያሳያል።

የዚህ ሐሳብ አንድ ሥር ጎረቤታችን ኬንያ ነው። በ1960ዎቹ መባቻ (እ.ኤ.አ.) ሮጀር ቶምሊንሰን የተባለ የካርታ ባለሙያ ካናዳ ውስጥ በአንድ የአየር ቅየሳ ድርጅት ይሠራ ነበር። ድርጅቱ ኬንያ ውስጥ ለወረቀት ፋብሪካ የሚሆን ዛፍ የሚተከልበትን ቦታ እንዲመርጥ ተጠየቀ። ካርታዎቹን በእጅ እየደረቡ መሥራት ዋጋው የማይቀመስ ሆኖ ተገኘ። ሥራው ቀረ፣ ጥያቄው ግን ቶምሊንሰንን አልለቀቀውም። ኮምፒውተር ካርታ እንዲደርብ የማድረግ ሐሳቡ ኋላ የካናዳ መንግሥት የመሬት ቆጠራ ሥርዓት ሆነ፤ ጂአይኤስ የሚለውን ስምም እ.ኤ.አ. በ1968 ለኅትመት ያበቃው እሱ ነው።

ኮምፒውተር ውሃ ወዴት እንደሚፈስ የሚያውቀው ስምንት ጎረቤቶችን በማየት ብቻ እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። የገበጣ ጉድጓዶች የመሰሉ አራት ማዕዘኖች መሬቱን ሞልተውታል እንበል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ቁጥር አለ፤ የቦታው ከፍታ ነው። ኮምፒውተሩ 2,914 የሚለው ላይ ይቆምና ዙሪያውን ያያል፦ 2,916፣ 2,915፣ 2,918፣ 2,911፣ 2,907፣ 2,913፣ 2,917፣ 2,920። ቁልቁለቱ የሚበረታው ወደ 2,907 ነውና ውሃውን ወደዚያ ይሰደዋል። እዚያ ደርሶ እንደገና ስምንቱን ያያል። እንዲህ እያለ እያንዳንዷን ጠብታ ከተረተሩ እስከ ወንዙ ይሸኛታል፤ መንገድ ላይ ስንት ማዕዘን ወደ አንዱ እንደፈሰሰም ይቆጥራል። ቁጥሩ ከአንድ ልክ ሲያልፍ «እዚህ ቦይ አለ» ይላል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1984 ከታተመ ጀምሮ እስከ ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይሠራበታል።

ለዚህ የሚያስፈልጉት የከፍታ ቁጥሮች የተገኙት በ11 ቀን ነው። የካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኢንደቨር የተባለችው መንኮራኩር 60 ሜትር የሚረዝም ክንድ ዘርግታ በራዳር ከዓለም የብስ 80 በመቶ ያህሉን ለካች። የለጋምቦ ተራራ፣ የቦረና ገደል፣ የበሽሎ ሸለቆ ሁሉም አሉበት። በመጀመሪያ ለእኛ የተሰጠን በ90 ሜትር ርቀት የተለካው ነበር። ጠራ ያለው የ30 ሜትሩ መረጃ መስከረም 2014 እ.ኤ.አ. በነጻ መለቀቅ ሲጀምር ከአህጉሮች ሁሉ ቅድሚያ የተሰጣት አፍሪካ ናት።

30 በ30 ሜትር ማለት ግን 900 ካሬ ሜትር ነው፤ የጥማድ ሲሶ ሲደመር ትንሽ። አንድ ግቢ ከነጎተራው፣ ከነበረቱ፣ ከነባህር ዛፉ አንድ ቁጥር ብቻ ይደርሰዋል። ከጓሮ የሚያልፍ አምስት ሜትር ስፋት ያለው ቦረቦር በዚያ ቁጥር ውስጥ ይሰወራል። በሀገራችን የ1፡50,000 ካርታም ላይ የከፍታ መስመሮቹ በየ20 ሜትሩ ስለሆኑ ሰው የሚውጥ ቦረቦር በሁለት መስመሮች መካከል ገብቶ ይጠፋል። ይህን ነገር ልብ ይበሉልኝ።

የኢትዮጵያ ካርታ ልኬት መነሻው ሱዳን ውስጥ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አዲንዳን የተባለው መነሻ በሰሜን ሱዳን፣ ከግብፅ ወሰን አጠገብ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የመጣው የመሬት ልኬት ሀገራችን የገባው በአባይ ተፋሰስ ጥናት ዘመን፣ በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ በስልካችን ያለው ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ መነሻ ነው። የአንድ ቦታ አቀማመጥ በሁለቱ ሥርዓቶች ሲጻፍ ቁጥሮቹ በ200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። ባለሙያው ይህን ሳያስተካክል አሮጌ የወንዝ ካርታ በአዲስ የቤቶች ካርታ ላይ ቢደርብ ወንዙ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ይዘላል፤ ስጋት ያለበት ሰው «ነጻ» ይባላል፣ ነጻው ይፈናቀላል።

ከዚሁ ምድር የወጣ ሰው በዓለም የካርታ ታሪክ ውስጥ ስሙ አለ። አባ ጎርጎርዮስ ይባላሉ። የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው፤ መካነ ሥላሴ በጥንቷ ቤተ አምሐራ፣ በዛሬው ደቡብ ወሎ ምድር የነበረች ስመ ጥር ደብር ናት። እ.ኤ.አ. በ1652 ጀርመን ሀገር ጎታ ድረስ ሄደው ለሊቁ ሂዮብ ሉዶልፍ ስለ ሀገራቸው ቋንቋ፣ ታሪክና ምድር አስተማሩ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1683 ደግሞ ካርታዋን አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ ሀገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ የተሳፈሩባት መርከብ ተሰብራ ባሕር ውስጥ ሞቱ።

ከእሳቸው 200 ዓመት ቀድሞም የቬኒሱ መነኩሴ ፍራ ማውሮ ስመ ጥሩን የዓለም ካርታ ሲሠራ የኢትዮጵያን ወንዞችና ተራሮች የሳሉለት የዚያው ሀገር ተወላጅ የሆኑ መነኮሳት እንደነበሩ በካርታው ላይ አስፍሯል። ይህ በ1450 አካባቢ እ.ኤ.አ. የሆነ ነው። የሀገሩን ወንዝ ተወላጁ ስሎ፣ ባለሙያው በካርታ ሲያሰፍረው የቆየ ልማድ ነው ማለት ነው።

ሳተላይት በክረምት ወሎን ማየት እንደሚቸግረው ያውቁ ኖሯል? ላንድሳት ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ምድርን ያነሣል፤ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የራሳችን ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይትም 72 ኪሎ የምትመዝን የፎቶ ሳተላይት ነበረች። ነገር ግን ፎቶ የሚያነሣ ሳተላይት ደመና አይበሳም። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ደጋው ጭጋግ ለብሶ ነው የሚከርመው። ስለዚህ ለጎርፍ ጥናት የሚወሰደው የመሬት ሽፋን ምስል ብዙውን ጊዜ ሰማይ ከጠራ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው።

ይህ ለለጋምቦ ትልቅ ነገር ነው። በደጋው ብዙ ቀበሌ የበልግ ገብስ ነው የሚዘራው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ገብሱ ሲታጨድ ማሳው ራቁቱን ዋናውን ዝናብ ይቀበላል። የጥቅምት ምስል ላይ አረንጓዴ የሆነው ኮረብታ ሐምሌ ላይ ባዶ አፈር እንደነበር ሳተላይቱ አይናገርም። ባለሙያው የአካባቢውን የዘር ቀን መቁጠሪያ ካልጠየቀ «ሽፋን ያለው መሬት» ብሎ ዝቅተኛ የስጋት ነጥብ ይሰጠዋል።

ደመና የሚበሳ ዓይንም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 የመጠቀው ሴንቲነል 1 የሚሠራው በራዳር ነው፤ ሌሊትም ቀንም፣ በዝናብም በጭጋግም ያያል። የተኛ ውሃ የራዳሩን ሞገድ እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው በምስሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ይታያል። በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ በአፋር አዋሽ ሲሰበር ለቀናት የሚተኛውን ውሃ በዚህ መንገድ መለካት ይቻላል። አንድ ሳተላይት ወደዚያው ቦታ በተመሳሳይ መስመር የሚመለሰው ግን በ12 ቀን ነው። የአቀስታ ደራሽ በሦስት ሰዓት መጥቶ፣ አጥር ወስዶ፣ ማሳ በደለል ሸፍኖ ይሄዳል። ራዳሩ ሲደርስ ያገኘው ጭቃ ነው። የፎገራ ጎርፍ በሳተላይት ይመሰከራል፤ የለጋምቦ ጎርፍ ምስክር ያየው ሰው ነው።

የውሃ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ሊያንከባልል የሚችለው ድንጋይ ክብደት 64 እጥፍ ይሆናል። ትናንት ጠጠር ያወረደው ቦይ ዛሬ ቋጥኝ የሚያወርደው ለዚህ ነው።

ቁርጭምጭሚት አለፍ የሚል፣ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰውን ሊጥል ይችላል። 60 ሴንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቦይ የሚሻገር ሕፃን ያለበት ቤት ሁሉ ይህን ቁጥር ቢይዘው ምኞቴ ነው።

ጎርፍ ዝናብ ባልጣለበት ቦታም ሰው እንደሚገድል ያውቁ ኖሯል? ድሬዳዋን ያስታውሱ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም.፣ ሰው በተኛበት የደቻቱ ወንዝ መጣ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ይነገድበታል፣ ይታለፍበታል። የዚያን ሌሊት ከበላዩ ካለው የሐረርጌ ደጋ የወረደው ውሃ ከ250 በላይ ሰው ገደለ። በዚያው ክረምት በነሐሴ ወር ኦሞ ወንዝ ሞልቶ በደቡብ ኦሞ ከ360 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። የጎርፍ ስጋት ካርታ በሀገራችን በቁም ነገር መነጋገሪያ የሆነው ከዚያ ክረምት ወዲህ ነው።

የተዳፋት አገር ሰው ደግሞ ጎፋን አይረሳም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ ተራራው ተናደ። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ ከላይ መጥቶ ሸፈነው፤ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ጎርፍና ናዳ በደጋ አገር የአንድ ዝናብ ልጆች ናቸው። ለለጋምቦ፣ ለቦረና፣ ለአማራ ሳይንት የሚሠራ ካርታ ሁለቱን ለያይቶ ቢያያቸው አጎደለ እላለሁ።

አሁን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጋ ደረስኩ። ለጎርፍ ካርታ ብዙዎች የሚጠቀሙበት የሚዛን ዘዴ የጦር መሣሪያ ቅነሳ ድርድር ባስቸገረው ሰው የተፈጠረ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ቶማስ ሳቲ የኢራቋ ሞሱል ተወላጅ፣ የአሜሪካ የሒሳብ ሊቅ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ መንግሥት የትጥቅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ሲሠራ ሊቃውንትና ሕግ አዋቂዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው መግባባት ሲያቅታቸው አየ። ኋላ በ1970ዎቹ ጥንድ ጥንድ እያደረጉ የማወዳደር ዘዴ አወጣ። «ከፍታና ተዳፋት፣ የትኛው ለጎርፍ ይበልጥ ያጋልጣል? በስንት?» ብሎ ከ1 እስከ 9 ነጥብ ያሰጣል። መልሶቹ እርስ በርስ እንዳይጋጩም መፈተኛ አለው፤ የመጋጨት ልኩ ከ0.10 ካለፈ «እንደገና አስቡበት» ይላል።

ዘዴው ጥሩ ነው። ነጥቡን የሚሰጠው ግን ሰው ነው። ብዙ ጊዜ የሚታየውን እንበል፦ ለዝቅተኛ ከፍታና ለወንዝ ቅርበት ትልቁ ነጥብ ይሰጣል። ይህ ለፎገራ ትክክል ነው፤ ለጋምቤላ ትክክል ነው። የቦረናዋ መካነ ሰላም ላይ ግን ምን ይሆናል? ከተማዋ ያለችው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ነው። አባይ ደግሞ ከዚያ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል፣ ገደል ሥር ነው የሚፈሰው። ሚዛኑን እንዳለ ከሜዳ አገር ቀድተው ቢያመጡት ደማቅ ቀዩ ቀለም አባይ ሸለቆ ውስጥ፣ ቤት በሌለበት ቦታ ይፈስሳል። ከተረተር ሥር የተቀመጠው መንደር፣ ቦረቦር ወደ ጓሮው እየበላ የመጣበት ቤት፣ ከመንገዱ ቱቦ ፊት ለፊት የተሠራው ሱቅ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ። ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። የመፈተኛውም ቁጥር ከ0.10 በታች ሆኖ ያልፋል። ካርታው ግን ማንንም አያድንም።

አማርኛ እዚህ ላይ ይረዳናል፤ «አደጋ» እና «ስጋት» የሚሉ ሁለት ቃላት አሉን። ውሃ የሚሞላበት ቦታ አደጋ አለበት። ስጋት የሚሆነው እዚያ ሰው፣ ከብት፣ እህል ሲኖር፣ ቤቱም ውሃ የማይችል ሲሆን ነው። ሰው የሌለበት ገደል የቱንም ያህል ቢሞላ የስጋት ካርታ ላይ መቅላት የለበትም።

ዋልካ አፈር በሰኔና በነሐሴ ሁለት ዓይነት መሬት ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል። አፈሩ ሲጠጣ ያብጥና ስንጥቁ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚጥለው ላዩን ይሄዳል። ሰኔ ላይ ምንም ያላደረገ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነሐሴ ላይ ድልድይ ሊያፈርስ ይችላል።

ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ ነው ፈሰስ የሚያወጣው። በሞፈር ቀንበሩ ማሳውን አግድም እየሰነጠቀ ትርፉን ውሃ ወደ ዳር ያስወጣል። ፈሰሱ በጥሩ ሁኔታ ሲወጣ ሰብሉን ያድናል፤ ቁልቁለቱ ሲበዛበት ግን የቦረቦር መጀመሪያ ይሆናል፤ የላይኛው ማሳ ፈሰስ በታችኛው ጎረቤት ላይ ሲለቀቅም የሽምግልና ጉዳይ ነው። የ30 ሜትሩ መረጃ ፈሰስን አያይም፤ በማሳ ደረጃ የውሃውን መንገድ የሚወስነው ግን እሱ ነው።

በአፈር መሸርሸር ጥናት ወሎ ለሀገሪቱ ቀዳሚ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ከደሴ ብዙም በማይርቀው ማይባር፣ 113 ሄክታር ገደማ በሆነች ተፋሰስ ላይ፣ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ከመሠረቷቸው ጣቢያዎች የመጀመሪያው ነበር። ዝናቡ፣ ጎርፉ፣ አፈሩ እየተለካ ተመዘገበ። የፕሮግራሙ መሪ ሃንስ ሁርኒ ከእርሻ መሬት በዓመት በአማካይ 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር እንደሚታጠብ ገምቷል። በጥማድ ሲሰላ ከ10 ቶን በላይ ነው።

የሚታጠበው አፈር በበሽሎ፣ በወለቃ፣ በጃማ አድርጎ አባይ ይገባል። ነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ካርቱም ላይ ጥቁር አባይ ከ17 ሜትር ተኩል በላይ ሞልቶ ሱዳን በታሪኳ ከባድ ከሆኑት ጎርፎች አንዱን አየች። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ሕዳሴ ግድብ ዛሬ ያንን ሙላት ከላይ ይቀበላል፤ ደለሉም እዚያው ይቀርለታል። ስለዚህ የለጋምቦ እርከን የግድቡም ዕድሜ ነው።

«የመቶ ዓመት ጎርፍ» ማለት በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ ማለት አይደለም። በየዓመቱ የመምጣት ዕድሉ 1 በመቶ የሆነ ጎርፍ ነው። ዛሬ ቤት ሠርተው 30 ዓመት ቢኖሩበት ያንን ጎርፍ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድልዎ 26 በመቶ ነው።

መንገድ ጎርፍ ይፈጥራል። ከደሴ ወደ አቀስታና መካነ ሰላም እንደሚሄደው ያለ መንገድ ተዳፋት ላይ ሲቆረጥ፣ ቀድሞ በ20 ትንንሽ ቦዮች ተበታትኖ የሚወርደውን ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቱቦ ይለቀዋል። ከቱቦው ሥር ያለው ማሳ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። በረዶ የጣለ ቀን ደግሞ የበረዶው ክምር ከቅጠልና ከድንጋይ ጋር ቱቦውን ይደፍነዋል፤ ውሃው በአስፋልቱ ላይ ይወጣና ሄዶ የማያውቅበት መንደር ይገባል። የቱቦዎቹ ቦታና ስፋት ያልገባበት የጎርፍ ካርታ ለደጋ አገር ጎዶሎ ነው። መቁጠር ደግሞ ብዙ አይከብድም፤ ሁለት ተማሪ፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ስልክና ጥቂት ቀን ይበቃል።

በቤትዎ ያለው ባለ ካርታ የመሬት ይዞታ ደብተር የጂአይኤስ ውጤት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በአማራ ክልል ሁለተኛው ደረጃ ልኬት ሲካሄድ ማሳዎች በአየርና በሳተላይት ፎቶ ላይ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ቆሞ እየመሰከረ ተሰምረዋል። ኮምፒውተሩ የማን ማሳ የት እንዳለ ያውቃል ማለት ነው። ያንን ንብርብር ከውሃ መንገዱ ንብርብር ጋር መደረብ የቀረ ሥራ ነው። ሲደረብ «ስጋት ያለበት ዞን» የሚለው ስም የሌለው ቀለም የእገሌ ማሳ፣ የእገሊት ጓሮ ይሆናል።

ፕሮግራሙም በነጻ ይገኛል። ኪውጂአይኤስ የተባለው እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረና ማንም ያለ ክፍያ የሚጠቀምበት ነው፤ የዝናብ መረጃም ከ1981 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ5 ኪሎ ሜትር ገደማ ልኬት ቺርፕስ ከተባለው ስብስብ በነጻ ይወርዳል። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በቱሉ አውልያና በመካነ ሰላም ግቢዎች አሉት፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ነው። ሙያው ከደጃችን ደርሷል።

የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክ እንደሚሠራ ያውቁ ኖሯል? ምልክቱ የሚመጣው ከሳተላይት እንጂ ከአንቴና ማማ አይደለም። ሜዳ ላይ ወጥተው ሰማይ ሲታይዎ ጥቂት ሜትር ቢሳሳት ነው። እስከ ግንቦት 2000 እ.ኤ.አ. መባቻ ድረስ አሜሪካ ለሲቪሉ ምልክቱን ሆን ብላ ታዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር።

ስለዚህ ከቦረና፣ ከለጋምቦ፣ ከወግዲ፣ ከከላላ ይህን ለሚያነቡ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዕድሜ የጠገቡ አባትዎን ወይም እናትዎን ይዘው ይውጡ። በሕይወት ዘመናቸው ውሃው እስከ የት እንደደረሰ እጃቸውን ዘርግተው ያሳይዎ፤ ከየትኛው ዋርካ ሥር፣ ከየትኛው ቤት ደፍ፣ ከየትኛው የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አጥር ድንጋይ። በየትኛው ንጉሥ ወይም በየትኛው ክረምት እንደሆነ ይጠይቋቸው። የጭቃው መስመር ግድግዳ ላይ ካለ ከመሬት ያለውን ከፍታ በሜትር ይለኩት፤ ቁመትዎም ይበቃል፣ «እስከ ጉልበት»፣ «እስከ ደረት» ብለው ይጻፉ። ስልክዎ የሚያሳየውን የቦታ ቁጥር ከሥሩ ያስፍሩና ለቀበሌው ግብርና ባለሙያ ይስጡ። ባለሙያውም ቁጥሩን ወስዶ ካርታው ላይ ያስቀምጠው፤ የኮምፒውተሩ ቀይ ቀለም እዚያ ካልደረሰ ሚዛኑን ያስተካክል። ይህ ሁሉ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይለቅ።